የጋረደው ስንቅ

የሞተው ሰው ከከማሉ ምግብ ቤት ዳስ ሥር ሰሌን ለብሶ ተጋድሟል። ሃምሳ አለቃ ካሣ ዝንቡን እሽ ብሎ ሰሌኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው በሟቹ አንገት ላይ በተንጠለጠለው ካሜራ ነበር። የ፸፯ ጥር ነው። ከገዳሪፍ ዳር ካለው ካምፕ በየማለዳው ሬሳ ይወጣል፤ ሟቹ ነጋዴ አቶ ጋረደው ግን ከሚስቱ ጋር የሱዳንን ጥንታዊ አገር ሊያይ ሄዶ መመለሱ ነው። ካሣን አንገሸገሸው።

ካሣ ጎንደር እያለ የፖሊስ መርማሪ ነበር። አሁን ስደተኛ ነው፤ የሐበሻ ጉዳይ ሲመጣ ሱዳናዊው መኮንን ኢስሃቅ ያስጠራዋል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለው ኢስሃቅ። «ሰውዬው የከማሉን ጥብስ በልቶ ሞተ፤ ሚስቱ መስክራለች። ስምንት ሰዓት ላይ ከማሉን ወደ ፍርድ ቤት ይወስዱታል። አንተ ቃሉን ተርጉምልኝ።»

ከማሉ ከወሎ የመጣ የሰባት ልጆች አባት ነው። በመርዝ የገደለ ሰው መጨረሻው ገመድ እንደሆነ ስለሚያውቅ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ካሣ ዘርግቶ ይማጸናል።

ካሣ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ላይ አረፋ ደርቋል። ጢሙ ሥር ቀላ ያለ ነገር አየና ደም መስሎት ነካው፤ ዱቄት ነው። ሲያሸተው ማር ማር ይላል፤ ከማሩ ሥር ግን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሌላ ጠረን አለ። አንገቱ ላይ ከካሜራው ማንገቻ ጋር በላብ የነተበ ማተብ ተጠላልፏል።

መጀመሪያ ሚስቱን የሺመቤትን አነጋገራት።

«እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎ። ምን በሉ?»

«ጥብስ ነዋ! አብረን በላን። እሱ ሆዱን ያዘው፤ እኔን እግዜር አተረፈኝ።»

«ጉዞውስ እንዴት ነበር?»

እንባዋን ጠረግ አድርጋ ፎቶዎች ዘረጋችለት፤ ካሜራው ወዲያው አትሞ የሚያወጣ ዓይነት ነው። በሜሮዌ ፒራሚዶች ሥር ፀሐይ ዓይኗን እየወጋት ስቃለች። ሱዋኪን ወደብ ላይ ደግሞ በፈረሱት ነጫጭ ቤቶች መካከል ትሪ ሙሉ የበግ ሥጋ ቀርቦ ሰው ሁሉ ከቦታል፤ የእሷም እጅ ትሪው ውስጥ ነው። ጋረደው ብቻ ገለል ብሎ ቅል ይዟል።

«አቶ ጋረደው ምነው ለብቻቸው?»

«ያን ቀን አሞት ነበር» አለችና ፎቶዎቹን ሰበሰበች።

ሾፌሩ አስፋው ላንድሮቨሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አልደብቅም ጋሼ። ድንበር ላይ ላለው ለፋሽጋ እርሻ የመጣ፣ በቀይ መድኃኒት የታሸ የማሽላ ዘር አስጫነኝ። አጥቦ ለካምፑ ሰው ሸጠው። እኔ እህል መስሎኝ ነበር። የካምፑ ልጆች ሲያልቁ ነው የገባኝ።»

 ካሣ በዚያ ሳምንት ሦስት ሕፃናት በእጁ ቀብሯል፤ ተቅማጥ ነው ተብሎ ነበር።

«ስንቃችሁን ከየት አመጣችሁ?»

«ከቤት የያዝነው ከሰላ ከተማ ላይ አለቀ። እትዬ የሺመቤት ከወንበሩ ሥር ካለው ከረጢት ዘግነው ወረዱ፤ ወፍጮ ቤት አስፈጭተው ተመለሱ።»

ከማሉ ተራው ሲደርስ ማለ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ሰውዬው ውኃ ብቻ ነው የለመነኝ። ሚስትየዋ ዱቄት በማር በጠበጡለት። ጥብሱን የጨረሱት እሳቸው ናቸው።»

«ለፖሊሱ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናገርኩ! ሥጋ ቀርቦለት ዱቄት የሚልስ ሰው የት አለ ብለው ሳቁብኝ።»

ካሣ ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰባቸውና ወደ ኢስሃቅ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ይህ ውሸት ለእናንተ ተብሎ የተሰፋ ነው። ለእናንተ ሥጋ ሥጋ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ማተቡን ያጠበቀ ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላሙም እንዲሁ የክርስቲያኑን። ጋረደው ከሙት ልጅ አፍ ነጥቆ መብላት አልከበደውም፤ የከማሉን ጥብስ መቅመስ ግን ነውር ሆነበት። ፎቶውን እዩ፤ አገር ምድሩን የዞረው ስንቁን ተሸክሞ ነው። እሷ ስደት ስትኖር ለምዳ በልታለች፤ እሱ አልበላም። ዛሬም አልበላም። ጢሙ ላይ ያለው ቅላት እሷ ያስፈጨችው ዘር መድኃኒት ነው፤ ሰው እንዳይበላው ነበር ያቀለሙት።»

ከላንድሮቨሩ ውስጥ የስንቁን ቅል አምጥቶ የሺመቤት ፊት አቀረበ።

«ንጹሕ ከሆነ ይቅመሱት።»

የሺመቤት ፊቷን አዞረች። 

«በየፍርስራሹ ሥር ሳቂ ይለኝ ነበር። ልጆቹን የገደላቸው ረኃብ ነው፣ ዘሩ ምንም አይልም አለ። እንግዲያው ብላው አልኩት በልቤ። ካሣ፣ አንተም ቀብረሃቸዋል፤ ትፈርድልኛለህ።»

«ቀብሬያለሁ» አለ ካሣ። እርስዎ ማለቱን ተወ። «ለልጆቹ ብለሽ ከሆነ ቆመሽ ትናገሪ ነበር። አንቺ ግን የከማሉን ሰባት ልጆች ደግሞ ልታስርቢ ነበር። ከባልሽ አትሻይም። ሁለታችሁም ትቀፉኛላችሁ።»

ኢስሃቅ ካቴናውን ከከማሉ እጅ ፈትቶ ለእሷ አጠለቀላት። ከማሉ አልቅሶ ሲያበቃ ለካሣ ሻይ አመጣለት። ሥጋ አላቀረበለትም፤ ያውቃል።

ካሣ ሻዩን ሳይቀምስ ከመንገዱ ወገን ጫጫታ ሰማ። ፖሊሶቹ የዘሩን ከረጢት ሲያወርዱ ተቀዶ ቀዩ ማሽላ ተዘርግፏል። አንዲት የካምፕ ሴት ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ትለቅማለች።

«ተይው እናቴ፣ መርዝ ነው!»

ሴትዮዋ ቀና አላለችም።

«ግድ የለም ጌታው» አለች። «ያለፈውንም ጊዜ አጥበን ነው የበላነው።»

ካሣ አጠገቧ ተንበረከከና ከነጠላዋ ውስጥ ፍሬ በፍሬ ይነጥቃት ጀመር።