ከቴሌቪዥን የተላከ ቅሬታ

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩን ዘግተው እስኪቀመጡ ድረስ ኮረንቲ ምን እንዳጠፋች እያሰበች ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ የሞተ ቻርጀር እንኳ እጇ ሲነካው ይነሳል ይላሉ። የትምህርት ቤቱን የአስተያየት ገጽ የሠራችውም እሷ ናት። ተማሪው ገብቶ የልቡን ይጽፋል፣ ስም አይጠየቅም። ከላይ በትልቁ «ማን እንደጻፈው ማንም አያውቅም» ይላል። ከገጹ ሁሉ እሷ የምትወደው ይህን ዓረፍተ ነገር ነው።

ምክትሉ ትናንት የገባ አንድ ቅሬታ አሳዩአት። «የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሾፌር እየነዳ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል። ባለፈው ሳምንት መሻገሪያው ላይ አንድ ሕፃን ሊገጭ ሲል ለጥቂት ነው የተረፈው።»

«ሾፌሩን ጠየቅኩት፣ ካደ» አሉ። «ያለ ምስክር ሰውን ከሥራው ላነሳ አልችልም። የጻፈውን ልጅ ፈልጊልኝ። ለክፉ አይደለም፣ ላነጋግረው ብዬ ነው።»

ኮረንቲ ገጹ ስም እንደማይመዘግብ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን እስከ ነገ ጠዋት እንድትሞክር፣ ካልተገኘ ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ እንደሚቀር ነግረው አሰናበቷት።

ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ገብታ የገጹን ማስተዳደሪያ ከፈተች። እውነቱን ለመናገር አንዳች ነገር አገኛለሁ ብላ አይደለም። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ስትል፣ ቅጂውን በየአገሩ ባሉ ሰርቨር የሚባሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያስቀምጥ ነፃ የማሰራጫ አገልግሎት ትጠቀማለች። ማንም ሰው ገጹን ሲከፍት ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። አገልግሎቱ ደግሞ ጥያቄውን ሲያሳልፍ ሄደር የሚባሉ አጫጭር መረጃዎች ይለጥፍበታል፤ ጎብኚው ከየትኛው አገርና ከተማ እንደገባ፣ በስልክ ይሁን በኮምፒውተር። ገጹ ስልክ ላይ ተጨማዶ አልነበብ ባለ ጊዜ ኮረንቲ ማስተካከያ ፍለጋ ገብታ፣ የትኛው መረጃ እንደሚያስፈልጋት ስላላወቀች ሁሉንም ፈቅዳ ወጣች። ገጹ ተስተካከለ፣ እሷም ረሳችው። መረጃው ግን ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ መልእክት ጎን ሲመዘገብ ከርሟል።

ከቅሬታው ጎን ያለውን አነበበች። ስልክ፦ አይደለም። ኮምፒውተር፦ አይደለም። ቴሌቪዥን፦ ነው።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። በሪሞት ፊደል በፊደል እየለቀመ ቅሬታ የሚጽፍ ምን ዓይነት ጉደኛ ነው? ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ጭራሮ የሚሏት የልብ ጓደኛ አለቻት። ስልኳን እናቷ ቀምታ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለቆለፈችባት፣ ሰሞኑን ኢንተርኔት የምትገባው በሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው። ይህንንም ለኮረንቲ የነገረቻት ራሷ ናት። ሾፌሩ ደግሞ አጎቷ ነው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብሯቸው የሚኖር።

በማግስቱ ጠዋት ጭራሮን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወሰደቻት።

«ከቴሌቪዥን ነው የጻፍሽው።»

ጭራሮ ክው አለች። «ማን ነገረሽ?»

«ገጹ።»

«ስም አይጠየቅም ብለሽን አልነበር?»

«አልጠየቅኩም እኮ።»

«አልጠየቅሽም፣ ግን አወቅሽ።»

ኮረንቲ አፈረች። ምክትሉ የጻፈውን ልጅ እንደሚፈልጉ ነግራት ስለ ሄደሮቹ ልታስረዳት ሞከረች፣ ጭራሮ ግን አልሰማቻትም። እናቷ ከሰማች የወንድሜን እንጀራ የዘጋሽው አንቺ ነሽ እንደምትላት፣ አጎቷን ሁለት ሦስት ጊዜ መክራው በሳቅ እንዳለፈው፣ ሲቸግራት እንደጻፈች ነገረቻት።

«እሺ፣ ሂጂና ንገሪያቸው» አለች በመጨረሻ። «ግን አንቺም እኮ ነበርሽ። ከኋላው ተቀምጠሽ አብረሽው ስታዪ ነበር። ጎል ሲገባ እንደውም ጮኸሻል። አቦ፣ ለምን እኔን ብቻ ታጋፍጪኛለሽ?»

እውነቷን ነው። ኮረንቲ ሾፌሩን ትወደዋለች፤ ስትዘገይ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃታል፣ የፊት ወንበር ይይዝላታል። ያን ቀን ፍሬኑን ሲያስጮህ ግንባሯ ከፊቷ ካለው ብረት ጋር ተላትሟል፣ የሕፃኑን ቀይ ቦርሳም አይታለች። ምክትሉ የጻፈውን ሰው ፈልጊ ሲሏት ግን ያየ ሰው መሆኗ ትዝ አላላትም፤ ወይም ትዝ እንዲላት አልፈለገችም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተመለሰች። ሄደሮቹን አንድ በአንድ አጠፋች፣ የተጠራቀመውን መረጃ ሰረዘች፤ የምትወደውንም ዓረፍተ ነገር አንስታ ሌላ ጻፈች። «ይህ ገጽ እስከ ዛሬ ከየትኛው ከተማና በምን ዕቃ እንደጻፋችሁ ይመዘግብ ነበር። አልነገርኳችሁም፣ እኔም ልብ አላልኩትም። ዛሬ ጠፍቷል።» አንብባው ደስ አላላትም፣ ግን ተወችው።

ምክትሉ ቢሯቸው ውስጥ እየጠበቋት ነበር። «አገኘሽው?»

«የጻፈውን ሰው አልናገርም» አለች።

«ታዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?»

በመስኮቱ በኩል አውቶቡሱ ይታያል። ሾፌሩ የፊት መስታወቱን እየወለወለ አያትና እንደ ልማዱ እጁን አነሳላት። እሷም አነሳች።

«ያን ቀን ከኋላው ተቀምጬ ነበር» አለች። «ስልኩ ላይ ኳስ ያይ ነበር። እኔም አብሬው እያየሁ ነበር። ሕፃኑንም አይቼዋለሁ።»

ምክትሉ እስክሪብቶ አነሱ። ይህ በወረቀት እንደሚሰፍር፣ ሾፌሩም ማን እንደተናገረ እንደሚያውቅ ነገሯት። ኮረንቲ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ስምሽን ንገሪኝ» አሉ።

ሙሉ ስሟን፣ እስከ አያቷ ድረስ ነገረቻቸው።