መሀላችን የነበረው ወንበር

ይህን የምጽፈው እመኑኝ ብዬ ለመለመን አይደለም። ብታምኑም ባታምኑም የደረሰው በእኔ ላይ ነው። የመሳፈሪያ ወረቀቶቹ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ።

ሁለት ናቸው። ሁለት! ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቦታው የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ኢኮኖሚ ክፍል፣ ሠላሳ ስምንተኛው ረድፍ። ጨለማ የለ፣ መቃብር የለ፣ የሚያላዝን ውሻ የለ። ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች።

እናቴን ለዓይን ቀዶ ሕክምና እየወሰድኳት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አታይም። ሰው የምትለየው በድምፁና በእጁ ነው። እኔን ደግሞ ቀኝ አንጓዬ ላይ ባለው የካውያ ጠባሳ። አጠገቧ ስቀመጥ አንጓዬን ዳበስ ታደርግና "መጣሽ?" ትላለች። በቃ፣ ሰላምታችን ይህ ነው።

ቀጠሮዋ በማግስቱ ጠዋት ነው። ሐኪሙ "ይህ ወር ካለፈ እኔም ምንም አላደርግላትም" ብሎ ጽፎልናል።

አየር መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት የተሳፋሪ አስተያየት ሳነብ አድሬ። ተሸላሚ ነው፣ ባለ አምስት ኮከብ ነው፣ ሁሉም እጁን በአፉ ጭኖ የሚያደንቀው። ወንበር ስመርጥም ብልጠቴን ተጠቀምኩ። ለእናቴ የመስኮቱን፣ ለእኔ የመተላለፊያውን ያዝኩና የመሀሉን ተውኩት። በሁለት ሰው መሀል የቀረ ወንበር ማንም አይመርጥም። ሁለት ሆነን በሦስት ወንበር እንንፈላሰሳለን!

ነገሩን ስነግራት እናቴ ሳቀች። "ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ" አለችኝ።

በሩ ሊዘጋ ሲል አንዷ አስተናጋጅ የመቁጠሪያ መሣሪያ ይዛ መጣች። በእያንዳንዱ ሰው ትጫነዋለች።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

እኛ ጋ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ተጫነችው።

"ሁለት ነን" አልኳት።

ፈገግ ብላ አለፈች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና እንደገና ቆጠረች።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

"እህት፣ ሁለት ነን እኮ!"

"አመሰግናለሁ" አለችኝ። ለምኑ እንደሆነ እንጃላት።

አርባ ደቂቃ ተገተርን። አንድ ሰው በዝቷል ተባለ። ከዚያ ደግሞ ተስተካክሏል ተባለ። እኔ በሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር... ማንም አልወረደም።

ልንነሳ ስንል ያቺው አስተናጋጅ በእኔ ላይ ጎንበስ አለችና የመሀሉን ወንበር ቀበቶ ቆለፈችው።

"ባዶ ወንበር ላይ?"

"ለደህንነት ነው።"

እሺ። ባዶ ወንበር ላይ የታሰረ ቀበቶ ግን ወንበሩ ላይ ይተኛል። ይሄኛው አልተኛም። ቅስት ሠርቶ ወደ ላይ ቆሟል... የሰው ጭን እንዳቀፈ።

ቀበቶው ደረቅ ስለሆነ ነው አልኩ። ባለ አምስት ኮከብ ቀበቶ!

እኩለ ቀን ላይ መስኮት ዝጉ ተባለ።

"ኧረ ልጆች፣ ብርሃኗን እንኳ ልያት" አለች እናቴ።

"ሌሎች እንዲተኙ ነው፣ እናት" አለች አስተናጋጇ።

"በቀን በስድስት ሰዓት ማን ይተኛል?" አልኩ እኔ።

"የበረራችን ሥርዓት ነው" አለችና መዝጊያውን ራሷ አወረደችው። ውጭው ጠራራ ፀሐይ፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ።

ምግብ መጣ። አንድ ሳህን ለእናቴ ሰጠች። አንዱን ከመሀሉ ወንበር ፊት አስቀመጠች። ጋሪዋን ገፋች።

"የእኔስ?"

ታብሌቷን አየች። "በዚህ በኩል ሁለቱም ተሳፋሪዎች ደርሷቸዋል።"

"እኔ ታዲያ ማን ነኝ? ሻንጣ?"

"አጣርቼ እመለሳለሁ።"

አልተመለሰችም። መጥሪያውን ተጫንኩ። መብራቱ በራ... ጠፋ። ተጫንኩ። በራ... ጠፋ። አምስት ጊዜ። ቆሽቴ አረረ። የመሀሉን ሳህን ጎትቼ ክዳኑን ገለጥኩት።

ተበልቶ አልቋል።

ሹካው በወረቀት ፎጣ ተጠቅልሎ በሳህኑ ጠርዝ በኩል ተቀምጧል። እንዲህ አድርጌ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ሲያደርገው ያየሁት ሰው የለም።

ያኔ ነው እናቴ በሹክሹክታ ስታወራና ስትስቅ የሰማኋት።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከልጅቷ ጋር።"

"የቷ ልጅ?"

"ይቺ መሀላችን ያለችው። ጨዋ ናት። እንዳንቺ አትነጫነጭም።"

"እማዬ፣ ወንበሩ ባዶ ነው።"

"ኧረ እፈሪ! ትሰማሻለች።"

ጎንበስ አልኩ። "ምን አለችሽ?"

"ምን ትላለች፣ ስላንቺ ጠየቀችኝ እንጂ። ዓይንሽ ሳያይ ልጅሽን በምን ታውቂያታለሽ አለችኝ።"

"...ነገርሻት?"

"ምን ይደበቃል?"

ብልህ ሴት እዚህ ላይ ተነስታ ትሄዳለች። እኔ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ። ጠዋት ሦስት ብለው ቆጠሩን፣ አሁን ደግሞ እኔን ዘለው ሁለት አሉ። ሦስት ቀጭ፣ ሳህኑ፣ መጥሪያው፣ አሁን ደግሞ እናቴ! ወንበሩ ባዶ መሆኑን በገዛ መቀመጫዬ አሳያቸዋለሁ አልኩ።

ቀበቶውን ፈታሁት። ወዲያው ዘፍ ብሎ ወደቀ።

የራሴን ወንበር ለቅቄ መሀል ተቀመጥኩ።

ወንበሩ ይሞቃል። አሁን ሰው የተነሳበት ዓይነት ሙቀት።

የእናቴ እጅ በጨለማው መጣ። ቀኝ አንጓዬን ያዘች። ዳበሰች... ደግማ ዳበሰች... ቆመች።

"ይቅርታ ልጄ፣ ልጄ መስለሽኝ ነው።"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

"አይደለሽም። የእሷ ጠባሳ አለው።"

አፌን ከመክፈቴ በፊት ከግራዬ፣ አሁን ከለቀቅኩት ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ሲሰለቸኝ የምተነፍሰው እንዲያ ነው።

"እዚህ ነኝ፣ እማዬ።"

ድምፁ የእኔ ነው። ስንቴ ልንገርሽ የሚለው ቃናው ሳይቀር።

ዘወር ብዬ አላየሁም። አልቻልኩም። የእናቴ እጅ በደረቴ ፊት አልፎ ወደዚያ ተዘረጋ። ቆዳ በቆዳ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ።

"መጣሽ?" አለች እናቴ፣ በእፎይታ።

የገዛ ቀኝ አንጓዬን በግራ ጣቶቼ ፈለግኩት። ልስልስ ነው... የሕፃን ቆዳ።

አስተናጋጇ ሳልጠራት መጣች። አምስት ጊዜ ስጠራት ግን አልመጣችም ነበር። ጎንበስ ብላ ቀበቶዬን ቆለፈችልኝ።

"አሁን ቁጥሩ ልክ ነው" አለችና ሄደች።

ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መስኮቶቹ ተከፍተው ብርሃን ሲገባ በመጨረሻ ወደ ግራ አየሁ። የመተላለፊያው ወንበር ባዶ ነው። እናቴ ተኝታለች። ፊቴ ያለው ስክሪን ላይ የአየር መንገዱ መጠይቅ ወጥቷል፤ አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት ይላል። ተሞልቶ አልቋል። አምስት ኮከብ። ከሥሩ አስተያየት አለ፦

"ቦታ ስለተዋችሁልኝ አመሰግናለሁ።"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጠባሳዬ አለ። ግን በግራ እጄ ላይ ነው።

ግራና ቀኜን አሳስቼ ይሆናል አልኩ። እኔ! ግራና ቀኜን!

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ቀጠሮ ነበረን። ደረስን፤ ቀዶ ሕክምናውም በሰዓቱ ተሠራ። ሁለት ቀን ዓይኗ በፋሻ ታስሮ አልጋዋ ሥር ተቀምጬ አስታመምኳት። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜም አንጓዬን አልዳበሰችም። ውሃ ሳቀብላት "እግዜር ይስጥሽ፣ የሰው ልጅ" ትላለች።

የቀዶው መድኃኒት ነው አልኩ። እኔ ለሁሉም ነገር ምክንያት አላጣም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ፈታው።

"ስንት ጣት ነው፣ እናት?"

"ሦስት።"

ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ ግን መጣ፤ እንባ የማልወድ ሰው ነኝ። እናቴ መጋረጃውን አየች። የሐኪሙን መነጽር አየች። የራሷን እጅ ገልብጣ አየች።

ከዚያ እኔን አየችኝ።

ለዚህች እይታ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ በትሕትና፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ ፈገግ አለች።

"አንቺ ያቺ የአውሮፕላኑ ልጅ ነሽ አይደል? መሀላችን የነበርሽው።"

"እማዬ... ፊቴን እያየሽ ነው እኮ!"

"መልክሽማ እሷን ነው። ቁርጥ እሷን።" ዓይኗ ወደ ግራ አንጓዬ ወረደ። "እስካሁን መቆየትሽ ራሱ ደግነት ነው። አሁን ልጄን ጥሪልኝ።"

ሐኪሙ ወደ እኔ አላየም። ከኋላዬ ያለውን በር ነው የሚያየው።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አለ። "ሲጠብቁዎት ነበር።"

በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው፣ ሲሰለቸኝ እንደምተነፍሰው፣ በረጅሙ ተነፈሰ።

የእናቴ ፊት በራ። እጇን ከትከሻዬ በላይ ዘረጋች።

"መጣሽ?"