ድንጋይ የሚከብድበት ቀለበት

«ታምሬ እየጮኸ ነው ያ ደርሰህ በሩን የዘጋበት። ሰምቶ ነው የዘጋው!»

ብርቄ ይህን ሳትል ያለፈ ምሳ የለም። የጠፈር መርከቧ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ወጡን በጭልፋ፣ ወሬውን በአካፋ ታወጣለች። የሟቹ የታምሬ እህት ስንዱ ሁለቱንም ትቀበላለች።

ስንዱ በር ጠጋኝ ናት። ታምሬ ከሞተበት ቃጠሎ በኋላ የዚያን በር «እጅ አስታዋሽ» ፈትታ ወሰደች፤ በሩን ማን እንደዘጋው የሚመዘግብ፣ ጡብ የሚያህል ሳጥን ነው። እሳት አንጨርጭሮታል። ሰባት ወር ሙሉ ፀጉር የሚያካክሉ ክሮቹን ቀጣጠለች። «ማስረጃዬን ይዤ ነው የምፋረደው» ትላለች።

አንድ ቀን ደርሰህ ከመርከቧ ውጭ መስታወት ሲጠግን መመለሻው፣ አሥረኛው በር፣ ተበላሸ። የሚከፈተው ከውስጥ፣ በእጀታ ብቻ ሆነ። ውስጥ ያለችው ደግሞ ስንዱ።

«ስንዱ፣ አየር እያለቀብኝ ነው» አለ በሬዲዮ።

እጀታውን ጨበጠች። አላዞረችውም።

«ታምሬስ እንዲህ ብሎህ ነበር?»



«አልሰማሁትም። ግን እሳቱ እንዳያልፍ ከመቆጣጠሪያ ክፍል የመዝጊያውን ቁልፍ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ከበሩ ወዲህ ሠላሳ ሰው ነበር፤ እሱ ወዲያ መቅረቱን አላወቅሁም። ልነግርሽ ስንቴ ተነሳሁ… ፈራሁሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ የት እሸሻለሁ፣ እህቴ?»

ሳቅ መጣባት፤ መምጣቱ አናደዳት። እጀታውን አዞረች።

«ግባ! በር ዘግቼብህ አንተን አላክልም።»

እሑድ ሊያስታርቋቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተቸገሩ። በወጉ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ በመርከቧ መሃል ግን ድንጋይ እንደ ላባ ይንሳፈፋል።

«የማይከብድ ድንጋይ ተሸክሞ እንዳይመጣብኝ» አለች ስንዱ።

ስለዚህ የመርከቧ ሽክርክሪት ክብደት ወደሚሰጥበት ወደ ውጨኛው ቀለበት ወረዱ። ደርሰህ ድንጋዩን ተሸክሞ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ስንዱ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደችው። ለእሷም ከበዳት።

«ይቅር ብያለሁ። ተነስ፣ ጋሼ።» ወደ ብርቄ ዞረች፦ «አንቺም ከእንግዲህ ጭልፋሽን ብቻ ያዢ።»

ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ የጥገና ክፍሏ በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይዟል።

በዓመቱ፣ የጀመረችውን ሥራ መተው ስለማይሆንላት ብቻ፣ የሳጥኑን የመጨረሻ ክር ቀጠለች። ደርሰህ ከጎኗ ሽቦ እየላጠ ያፏጫል። ሳጥኑ በራ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ ፉጨቱ ቆመ።

የደርሰህ ትዕዛዝ በሩ ጋ አልደረሰም፤ መስመሩ ቀድሞ ተቃጥሎ ነበር። በሩን በእሳቱ በኩል ቆሞ፣ በገዛ እጁ የዘጋው ታምሬ ነው።