ቀበቶዋን ታስራለች ወይ?

የማታምኑ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ። አልከራከርም።

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ባለፈው መጋቢት ማለቂያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰሜን ስዊድን ውስጥ፣ ባሕር ዳር።

ሌሊት አልነበረም። ቫን ውስጥ ተቀምጬ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ግማሹን የበላሁት ሳንድዊች ጭኔ ላይ ነበር።

ቲልዳ እባላለሁ። እሽግ በየቤቱ የማደርስ ሹፌር ነበርኩ።

የት እንደምሄድ የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ ኮምፒውተሩ ነው። ጠዋት እሽጎቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋል፣ መንገዱን ይቀይሳል፣ ከዚያ ቀኙን ግራውን እየነገረ ይነዳኛል። እኛ "መንገድ መሪው" እንለዋለን። ካልታዘዛችሁት ነጥብ ይቀንሳል። ቀበቶ ከፈታችሁም ይቀንሳል። እኔ ደግሞ የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም ነበር።

መንገድ መሪው የሚማረው ከእኛው ነው። ዛሬ አንዱ ሹፌር በአቋራጭ ከሄደ፣ ነገ ሌላውን በዚያው ይልከዋል።

ይህን ያዙልኝ።

በክረምት ባሕሩ ይረጋል። ወደ ደሴቶቹ የምንሻገረው በመኪና ነው፣ በበረዶው ላይ፣ ግራና ቀኝ በተተከሉ የጥድ ቅርንጫፎች መሃል። በረዶው ላይ ስትወጡ ቀበቶ ትፈታላችሁ፣ መስኮት ታወርዳላችሁ። እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በረዶው ከከዳችሁ የምትወጡት በመስኮቱ ነው።

ያን ቀን ግን የበረዶው መንገድ ተዘግቷል። ፀሐይ ከላይ፣ ውኃው ከታች ሆነው እየበሉት ነበር።

መንገድ መሪው የበረዶው መንገድ መግቢያ ላይ እስከቆመው ማገጃ ድረስ አመጣኝ።

"ወደ ፊት ቀጥዪ።"

"አብደሃል እንዴ?" አልኩት።

ለሼል ደወልኩ። ሼል መጋዘን ተቀምጦ የሁላችንንም መኪና በስክሪን የሚከታተል ሰው ነው።

"ማሽንህ ሊያሰምጠኝ ነው!"

"ደግሞ ምን ሆንሽ፣ ልዕልት?"

"ባሕሩ ላይ ውጪ ይለኛል። ተዘግቷል እኮ!"

"አውቃለሁ። መዘጋቱን ጠዋት አስገብቼለታለሁ..." ቁልፎች ሲጫን ይሰማኛል። "ይገርማል። ዛሬ መኪና አልፎበታል ይላል።"

"የማን መኪና?"

"...የኛ።"

"ማን ነው የሄደው?"

"ማንም። በዚያ በኩል ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም። ተይው፣ ተበላሽቶ ይሆናል። እሽጉን ይዘሽ ተመለሺ። አዲስ መንገድ እልክልሻለሁ።"

እሽጉ የእማማ ጉንቮር ነበር፤ ደሴቱ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እንዳይጠብቁኝ ብዬ ደወልኩ።

"እማማ ጉንቮር፣ ዛሬ አልመጣም። መንገዱ ተዘግቷል።"

"ሰምቻለሁ ልጄ። የሥራ ጓደኛሽ ግን መጥቷል።"

"የቱ ጓደኛዬ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"በሬ ላይ ቆሟል። ግባ ብለው እምቢ አለ። ከራሱ እስከ እግሩ ውኃ ነው..."

ሬዲዮውን ዘጋሁት።

"ስለ አንቺ ይጠይቃል።"

"ምን ብሎ?"

"ቀበቶዋን ታስራለች ወይ፣ ይላል። ይደጋግመዋል። ሌላ ቃል አይወጣውም..."

ስልኩ ተቋረጠ።

ስክሪኑን አየሁ። የእማማ ጉንቮር ስም አረንጓዴ ሆኗል። እሽጉ ደርሷል ማለት ነው።

ዞር አልኩ። እሽጉ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው።

ከስማቸው ሥር አዲስ መንገድ ተቀይሷል። ሼል ልኮልኝ ነው ብዬ ቀበቶዬን አጥብቄ አሰርኩና መኪናውን አዙሬ ተነሳሁ።

ነፋሱ ብናኝ በረዶውን አስነሳው። ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ሆኑ። ከመብራቴ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ።

"ወደ ቀኝ።" ታጠፍኩ።

"ወደ ቀኝ።" ታጠፍኩ።

መንገዱ ለስላሳ ሆነ። በጣም ለስላሳ...

ቀጭ።

ቀበቶዬ ተፈታ። አሮጌ መኪና ነው ብዬ መልሼ አሰርኩት።

ቀጭ።

"ምን ጉድ ነው!" አሰርኩና መቆለፊያውን በእጄ ጨበጥኩት።

እርጥብ ነበር።

ከዚያ መስኮቱ መውረድ ጀመረ። ማንም ሳይነካው። ቀስ... ብሎ። ማዝጊያውን ተጫንኩ። እምቢ አለ።

ስልኩ ጮኸ።

"ቲልዳ..." ሼል ነው። የሚያንሾካሽክ ይመስላል። "ወዴት ነው የምትሄጂው?"

"አንተ በላክልኝ መንገድ ነዋ!"

"እኔ ምንም አልላክሁም። ገና እየሠራሁት ነው።"

ፍሬኑን ያዝኩ። በተከፈተው መስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

የጥድ ቅርንጫፍ። ነጩ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ። ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ።

"ሼል... ባሕሩ ላይ ነኝ።"

"ውጪ! አሁኑኑ ውጪ!"

ከሥሬ አንድ ነገር አዜመ። በረዶ ሲሰነጠቅ እንደ ተወጠረ ሽቦ ነው የሚያዜመው።

ቀጭ። ለሦስተኛ ጊዜ።

በመስኮቱ ወጣሁ። በደረቴ ተኝቼ የጎማዬን ዱካ እየተከተልኩ ወደ ዳር ተሳብኩ። ጓንቴን እንኳ አላነሳሁም።

ሼል ራሱ መጣ። ብርድ ልብስ አለበሰኝና አጠገቤ ቆመ።

"ሮላንድ የሚባል ልጅ ነበረን። ካንቺ በፊት።"

"እሺ?"

"በዚህ በኩል ሰጠመ። መስኮቱን አውርዷል። ቀበቶውን ግን... ነጥብ እንዳይቀነስበት ብሎ ሳይፈታው ቀረ።"

"ዛሬ አልፏል የተባለው መኪና የሱ ነው?"

ባሕሩን ነበር የሚያየው። እኔም አየሁ።

ብናኝ በረዶው ሰክኗል። ቫኑ በረዶው ላይ ጋደል ብሎ ቆሟል። የውስጥ መብራቱ በርቷል።

እኔ ከተነሳሁበት መቀመጫ ላይ ሰው ተቀምጧል።

አንገቱን ደፍቷል። ሁለት እጆቹ ወገቡ ጋ ይታገላሉ። ይጎትታል... ይጎትታል...

"ሼል፣ ታየዋለህ?"

"ዝም በይ፣" አለኝ። እጄን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ።

የቫኑ አፍንጫ ቀስ ብሎ ገባ። መብራቱ ውኃው ውስጥም ሳይጠፋ ቆየ።

መስኮቱ እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር።