ሥር የሌላትን ዘመድ ፍለጋ

ሮሆቦት ኮንጋ መንደር ስትደርስ ለጥናቷ የመረጠችው ሽማግሌ ዛፍ ከግንድ እስከ ቅርንጫፉ ተፍቆ ጸድቶ ጠበቃት። ክው አለች።

«ምነው ጋሼ ባርናባስ! እዚህ የነበረውስ?»

«ከዩኒቨርሲቲ እንግዳ እየመጣብኝ ዛፌ ሽበት አብቅሎ ይጠብቅ? ትናንት ስፍቀው ዋልኩ» አሉ ገበሬው ኮራ ብለው።

«የተፋቀውስ?»

«ፍየሏ በላችው።»

ሰውየው ሲያከብሯት ገደሏት። ፍየሏ የበላችው ዛፉ ላይ የበቀለችውን ሳይሎተም የምትባል ተክል ነበር፤ ሥርም ቅጠልም የላትም፣ አረንጓዴ የመጥረጊያ ጭራሮ ነው የምትመስለው። ሮሆቦት ነገ ጠዋት ዲላ ላለው መምህሯ ፍሬ መሳይ እንክብል ያላት ናሙና ካላቀረበች የአንድ ዓመት ጥናቷ ይሰረዛል።

ባርናባስ ነገሩ ሲገባቸው ከዘራቸውን አነሱ። «ከወንዙ ማዶ፣ ገደሉ ላይ አይቻታለሁ። ተነሺ!»

በቡናና በእንሰቱ መሃል ቁልቁል ተንደረደሩ። ዶፉ ወረደባቸው። ወንዙም ሞልቶ ደፍርሶ ጠበቃቸው። መሃል ላይ የሮሆቦት እግር ከዳት፤ ውሃው አንከባለላት።

«ከዘራውን ያዢ! እንዳትለቂ!»

«ይዣለሁ!»

ጎትተው አወጧት። የጠጣችውን ውሃ ተፍታ ሳትጨርስ ሳቋ መጣ።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ደግሞ ዝንጀሮዎች ጥርሳቸውን አግጠው መንገዱን ዘጉ። ባርናባስ ምሳቸውን ቆጮ አሽቀንጥረው ወረወሩት። መንጋው እየተጋፋ ወደዚያው ሮጠ።

«ውጪ ልጄ፣ ምሳዬ ሳያልቅ!»

ጥፍሯ እስኪደማ ቧጥጣ ወጣች። ተክሏ የዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ቆማለች! ቢጫ እንክብሎቿ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ክፍል አላቸው።

«አገኘኋት!» ገደሉ አስተጋባ።

«ሥር የላት፣ ቅጠል የላት፣ የማን ወገን ናት?» ጮኹ ባርናባስ ከታች።

«ድሮ ለተመራማሪዎች ከጥንት ዕፅዋት የተረፈች ብቸኛ ዘር ትመስላቸው ነበር። ዘረመሏ ሲመረመር የዚያ ላባ መሳይ ቅጠል ያለው የፈርን ወገን ሆና ተገኘች!»

«ጓሮዬን የሞላው ፈርን? በመልክ አይገናኙም!»

«ዝምድና በመልክ ነው እንዴ ጋሼ!»

ሁለት ዘንግ ብቻ ቆርጣ ሌላውን በቦታው ተወችው።

በማግስቱ መምህሯ እንክብሎቹን በአጉሊ መነጽር ደጋግሞ አየና «ጥናትሽን ቀጥይ» አላት። የናሙናው ወረቀት ላይ «ሰብሳቢ» ከሚለው ጎን የባርናባስን ስም ከራሷ አስቀድማ ጻፈች፤ ወዲያው ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ ስምዎ ከተክሏ ጋር ተጽፎ ተቀመጠ።»

 የሽማግሌው ሳቅ በስልኩ ውስጥ ፈነዳ። «እንግዲያው ዘመዴ ሆነች በይኛ!»