ያልተፈተሸው ቀሚስ

ልብስ ሰፊ «ነገ ነይ» ሲል ማን ይገረማል? ጉርዴን ላሳጥር ሄጄ ነገ፣ ነገ ሲለኝ እንደ ሙያ ጓደኞቹ ቀጣፊ መስሎኝ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ዓይኖቹ ይቅርታ ይጠይቁኛል። ሳላውቀው ጉርዴን ረስቼ ለእሱ መመላለስ ጀመርኩ።

የሰፋውን ሁሉ «እስቲ ዳብሺልኝ» እያለ ያቀብለኛል። እኔም ዳብሼ «ምንም የለበትም» እለዋለሁ። ፊቱ ሲፈካ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀለበት አሰርን። የሠርግ ቀሚሴን ራሱ ሊሰፋልኝ ቃል ገባ፤ ቀሚሱ ግን አላልቅ አለ። ዛሬ ያለቀው ነገ ተተርትሮ ይጠብቀኛል። ሠርጉ ተራዝሞ ዳግም ሊራዘም ሲል አክስቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ያንቺ ሠርግ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ፣ ልጄ። ሰውየው አይፈልግሽም።»

አልቅሼ ሱቁ ሄድኩና ቀለበቱን አውልቄ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጥኩለት። ነጩ ጨርቅ ጉልበቱ ላይ ተንጣሎ፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳብስ ነበር።

«መርፌ ረስቼበት ቢሆንስ? ቢወጋሽስ?» አለኝ። «እንደሌለ አውቃለሁ። ልቤ ግን አያምነኝም። የሰው ልብስ ሁሉ እንዲህ ያደርገኛል።»

ቀለበቱን መልሼ አጠለቅሁ። ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን።

ሐኪሟ ሁሉን በጥሞና ሰማችው። እብደትም ስንፍናም አይደለም አለች፤ ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ፣ ጭንቀቱን ለማብረድ ደጋግሞ የሚያስፈትሽ ሕመም ነው፤ ኦሲዲ ይባላል፤ ይታከማል። መድኃኒት አዘዘችለት። ከዚያ ደግሞ ልምምድ፤ መጀመሪያ መሀረብ፣ ቀጥሎ ሸሚዝ፣ ሳይፈትሽ ማስረከብና ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መታገሥ። እኔንም «የለበትም» እያልኩ እንዳላረጋጋው አስጠነቀቀችኝ፤ ለካ ሕመሙን የምቀልበው እኔ ነበርኩ።

ሸሚዙን ባስረከበ ቀን ላብ አጠመቀው። ደንበኛውን ተከትሎ ሊሮጥ ሲነሳ እጁን ያዝኩት። ጎን ለጎን ተቀመጥን። የመንገዱ ጫጫታ ራቀ፤ ብርሃኑ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወረደ፤ እጁም ቀስ በቀስ እጄ ውስጥ ላላ። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህም ይመጣል፤ እንደ ድሮው ግን አያዘውም።

የሠርጋችን ዕለት ጠዋት ቀሚሱን ይዞልኝ መጣ። እጁ ወደ ጠርዙ ሄዶ ተመለሰ።

«አልፈተሽኩትም» አለኝ። «መርፌ ይኖርበት ይሆን?»

«የለበትም» ልለው ምን ያህል ጓጓሁ። ስለምወደው ዋጥኩት።

«እኔ እንጃ» አልኩና ለበስኩት።