የቢፍቱና የመዝገቡ ያላለቀ ጨዋታ

ቢፍቱ ቀጄላ ከሰው አትጣላም፤ ከጨዋታዋ የሚያስነሳትን ግን አትምርም።

ሀና ማርያም አጠገብ አባቷ አቶ ቀጄላ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። ለቤተሰቡ የቀረው ሰፊ ግቢና ጥቂት የፈረንጅ ላሞች ናቸው። ቢፍቱ ጠዋት ታልባለች፤ ረፋዱን በአጥሩ ጥግ ባለችው ሱቅ ወተት ትሸጣለች፤ ወደ ማታ እንደገና ታልባለች። በሁለቱ አለባ መሃል ያለው ጊዜ የላምም የደንበኛም አይደለም፤ የራሷ ነው። ያን ጊዜ ጌም ትጫወታለች።

ጌም ሲባል ጎረምሶች እየተጯጯሁ ኳስ የሚያሳድዱበት አይደለም። እሷ የምትወደው ታሪክ ያለውን ነው። አንድ ምስኪን ከመንደሩ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ጓደኛ ያፈራል፤ ሰይፍ ይገዛል፤ ከአውሬ ይታገላል፤ እንዲህ እያለ ወር ሙሉ ይፈጃል። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትጀምርም። አንድ ጎረቤታቸው አገር ለቆ ሲሄድ ዕቃውን ሸጦ ነበርና፣ ያኔ የገዛችው አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ አልጋዋ ሥር ተራውን ይጠብቃል።

ወተት ሊገዙ የሚመጡት ሴቶች «ይቺ ልጅ ባል ትታ ከቴሌቪዥን ጋር ልትኖር ነው» ይሏታል። ይበሉ። ከእነሱ ባሎች መሃል ከቴሌቪዥን የሚሻል ስንት ይገኛል?

አንድ ቀን መብራት ሄደና እንደ እብድ በሬ ደንብሮ ተመለሰ። የጌም ማሽኗ አንዴ ጢስ ተፋ፣ አበቃ። ቢፍቱ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሲዲዎቿንም ይዛ ታክሲ ተሳፍራ ሀይሌ ጋርመንት ወረደች። የመጀመሪያው ጠጋኝ «ይኼ እኮ ቅርስ ነው፤ ሙዚየም ውሰጂው» ብሎ ሳቀባት። ሁለተኛው አዲስ ማሽን አሳያት፤ ያ ደግሞ የድሮ ሲዲ አያነብም። ሦስተኛው ያነባል የተባለ አውጥቶ ሞከረላትና «ሲዲሽ የጃፓን ነው፣ ማሽኑ የአውሮፓ፤ አይግባቡም» አላት።

«በአገር የሚጣላው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለችና ወጣች።

የቀረችው ከደረጃ ሥር ያለች፣ ከሐጂ ኑረዲን የጨርቅ መደብር ጎን የተለጠፈች ጠባብ ሱቅ ነበረች። ውስጧ መዝገቡ የሚባል ረጅም ልጅ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ይበይዳል። ቀና ሲል ጭንቅላቱ ደረጃውን መታው። ማመሙን ሊደብቅ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ቢፍቱም ልትስቅ አልፈለገችም ነበር፤ ሳቋ አመለጣት።

ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። «ሞቷል» አለ።

«ሳትነካው ሬሳ ማለት?»

«ተቃጥሏል። ሳምንት አስቀምጬ ሞቷል ከምልሽ ዛሬውኑ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሌሎቹም ያንኑ ብለዋታል። እሱ ግን ሲናገር የራሱ ዘመድ የሞተ ያህል ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሲዲዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠና አንዱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይኼን ከየት አገኘሽው? ስፈልገው ዓመታት ሆነኝ።»

«ተራው የእሱ ነው። አሁን ግን በምን ልጫወተው?»

መዝገቡ ከኋላው ያለውን መጋረጃ ገለጠ። የታጠፈ ጨርቅ ላይ፣ በጀርባው ተገልብጦ፣ እግሩን ወደ ላይ የሰቀለ አሮጌ ማሽን አለ።

«የጃፓን ነው፤ ካልተገለበጠ ግን አያነብም። ከቦታው ካነሳሁት ደግሞ ጨርሶ ያኮርፋል። ለዚህ ነው የማልሸጠው።»

«እንግዲህ ሲዲው የኔ፣ ማሽኑ ያንተ ሆነ በላ።»

«እንደዚያ ነው።»

ከጎን ሐጂ ኑረዲን ሜትራቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ «ወንበር ከፈለጋችሁ እኔ ጋ አለ» አሉ። ሽማግሌ ጆሮው የሚደክመው ሲፈልግ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢፍቱ በሁለቱ አለባ መሃል እየመጣች ከመዝገቡ ጋር በተራ መጫወት ያዘች። እሷ ውጊያ ትወዳለች፤ እሱ ደግሞ በጌሙ መንደር ያለችውን አሮጊት ሁሉ ሳያናግር አያልፍም።

«ይቺን ሴትዮ ትናንት አናግረሃታል እኮ።»

«ዛሬ ሌላ ነገር ትል ይሆናላ።»

«አትልም። ያው ዶሮዋ ጠፍታባት ነው።»

«ታዲያ ዶሮዋ ጠፍታባት ዝም ብለን እንለፍ?»

ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ መሃል ክፍተት አለ። ቢፍቱ ያንን ክፍተት ለማየት ብላ ዶሮዋን አብራው መፈለግ ጀመረች። እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ሰው ሲወድ በሌላ ሰው ዶሮ ያሳብባል።

መደርደሪያው ላይ የራሱ ጌሞች ተደርድረዋል። ስትጠይቀው አንዱንም አልጨረሰም፤ ሁሉንም የተዋቸው የመጨረሻው ውጊያ ደጃፍ ላይ ነው።

«ለምን?»

«እንጃ። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል።»

«ሰነፍ ነህ።»

«ልሆን እችላለሁ» አለ፤ አልተቆጣም። ቢፍቱ ግን ነገሩ ከነከናት። ጀምሮ የማይጨርስ ወንድ የስንቷን ቤት እንዳፈረሰ ከእናቷ ከወይዘሮ ቡዜ በቂ ሰምታለች።

በዚህ መሃል ቦጋለ መጣ። ቦጋለ ሀይሌ ጋርመንት የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ መኪናም አለው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ችኩል ነው። ወተት ሊገዛ ቆሞ አያት፤ በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አቶ ቀጄላ ሽማግሌዎቹን በሻማ ተቀብለው፣ እንደ ወጉ «እናስብበት፤ ለሚመጣው እሑድ ተመለሱ» ብለው ሸኙ። ቡዜ ልጇን ጠየቀቻት። ቢፍቱ ምን ትበል? መዝገቡ እንደሆነ ከዶሮ ሌላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝም አለች። አባቷም «ዝምታዋ እሺታዋ ነው» አሉ።

ቦጋለ ጌም እንደምትወድ ሰምቶ ኖሮ አዲስ ማሽን አመጣላት። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ። ዞራ ዞራ አየችው።

«ሲዲው በየት ነው የሚገባው?»

«ይኼ ሲዲ አይፈልግም። ሁሉንም በኢንተርኔት ነው የሚያወርደው።»

«አፍ የለውም ማለት ነዋ።»

«ዘመናዊ ነው» አለ ቦጋለ፤ አዘነ። እሷም አዘነችለት። አንድ ጌም ላውርድ ብላ ከፈተችው፤ ላሞቹ ታልበው፣ በልተው፣ ተኝተው፣ እንደገና እስኪታለቡ ድረስ የማውረጃው መስመር ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው።

መዝገቡ ዘንድ ደግሞ ጨዋታው መጨረሻው ላይ ደረሰ። የቀረው የአውሬው ዋሻ ብቻ ነው። ያኔ ሰበብ ተጀመረ። ሰኞ መብራት የለም፤ ማክሰኞ የቴሌቪዥኑ ገመድ ተበጥሷል፤ ረቡዕ ጆይስቲኩ አልታዘዝ አለ። ሐሙስ ቢፍቱ ከሞተው ማሽኗ የተረፈውን የራሷን ጆይስቲክ በቦርሳዋ ይዛ መጣች፣ ሰካችው፤ ሠራ።

«እንግባ።»

«ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል።»

ሱቁ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልነበረም።

«መዝገቡ፣ እሑድ ለሌላ ሰው መልስ ሊሰጥብኝ ነው» አለችው። «አንተ ዋሻ ደጃፍ ላይ ቁመህ ገመድ ትቀጥላለህ።»

መበየጃውን አስቀመጠ። አስቀምጦም ያስቀመጠውን ያያል እንጂ እሷን አያይም።

«ጨዋታው ካለቀ ምን ብለሽ ትመጫለሽ?» አለ በመጨረሻ።

ያኔ ቢፍቱ ገባት። በዚህ ሁሉ ቀን ስንፍና ያለችው ነገር ይኼ ነበር። ጆሮዋ ድረስ ሞቃት፤ ያም ሆኖ አንደበቷ አልተሳሰረም።

«ዶሮ ስታሳድድ ምላስህ የት ነበር? እንድመጣ ከፈለግክ የሚመጣበት መንገድ አለው። ሽማግሌ ላክ።»

መዝገቡ ተነሳ፤ ጭንቅላቱ እንደገና ደረጃውን መታው። ሊደብቅም አልሞከረም። በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ መደብር ገባ።

እሑድ ጠዋት ቡዜ ከቅዳሴ አልተመለሰችም። አቶ ቀጄላ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ወንበር አስደርድረው የቦጋለን ሽማግሌዎች ይጠብቃሉ። በሩ ተንኳኳ። ቢፍቱ ስትከፍት ሐጂ ኑረዲን ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

«ቀድመናል ወይስ ተቀድመናል?» አሉ ሐጂ በሹክሹክታ።

«ቀድማችኋል።»

ገቡ። እንደ ደንቡ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡምና ቆሙ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ቀጄላ፣ የመጣንበት ጉዳይ ልጅዎን ለልጃችን...»

«አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ቀጄላ። አንዴ የሰሙትን መስማት የማይወዱ ሰው ናቸው። «አትድገሙት። ሠራተኛ ልጅ ነው አሉኝ፣ አስቤበታለሁ። ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ፤ እርጎ ቅመሱ።»

ሐጂ ኑረዲን ስንት ሽምግልና ሄደዋል፤ ሳይለምኑ የተሰጣቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ሰውየው ሃይማኖታቸውን አክባሪ ናቸውና እንዲሁ መውሰድ ከበዳቸው።

«ልጁን ለመሆኑ ያውቁታል?»

«ሀይሌ ጋርመንት ሱቅ ያለው አይደል?»

«አለው» አሉ ሐጂ። ውሸት አይደለም። ወደ ቢፍቱ አዩ። ቢፍቱ የእርጎውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ወለሉን ታያለች። ዝም አይነቅዝም። ሐጂም ተቀመጡ፤ ቀመሱ።

እርጎው ሳያልቅ በሩ እንደገና ተንኳኳ። የቦጋለ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ወንበሩ ተይዞ፣ ብርጭቆው ተይዞ ሲያዩ ደረቁ።

«እኛ ለመልስ ነበር የመጣነው።»

አቶ ቀጄላ የቆሙትን አዩ፤ የተቀመጡትን አዩ። ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺ፣ እነዚህ የማን እንደሆኑ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር አባዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ባለፈው ዝም ስል ‹ዝምታዋ እሺታዋ ነው› ብለህ ነበር» አለች ቢፍቱ። «ያኔ እሺታዬ አልነበረም። ዛሬ ነው።»

ከግቢው የላም ማመስኳት ብቻ ተሰማ። አባቷ «ተሳስቻለሁ፤ ቃሌን መልሱ» ቢሉ የምትይዘው ነገር አልነበራትም።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ አቶ ቀጄላ በረጅሙ ተንፍሰው። የቆሙትን ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። «ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ የልጃችሁም አይደለም፤ ልጄን ሳልሰማ የቸኮልኩ እኔ ነኝ።» እርጎ ተቀዳላቸው፤ ተግደርድረው ጠጡ። የቦጋለም ማሽን ከነካርቶኑ አብሮ ተሸኘ።

«ለመሆኑ ይኼ የሰጠሁት ልጅ ምን ይሠራል?» አሉ ኋላ።

«የተበላሸ ጌም ይጠግናል» አሉ ሐጂ።

«ጨዋታም ይበላሻል?»

«ይኸው እዚህ እንዳየነው።»

አቶ ቀጄላ መሳቅ አልፈለጉም፤ ጢማቸው ግን አጋለጣቸው።

በማግስቱ ቢፍቱ ሱቁ ስትደርስ መዝገቡ ከደረጃው በታች ተሸማቆ ቆሟል፤ ወንበሩ ላይ ከዘራቸውን ይዘው አባቷ ተቀምጠዋል። ቃል የሰጡትን ሰው በዓይናቸው ሊያዩ መጥተው ነው። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ዋሻው ፊት ለፊት ባለ መስክ ላይ ከብቶች ይግጣሉ።

«የማን ከብቶች ናቸው?» አሉ አቶ ቀጄላ።

«ሥዕል እኮ ነው አባዬ፣ የማንም አይደሉም» አለች ቢፍቱ።

«ባለቤት የሌለው ከብት የለም።»

«የአንዲት ሴትዮ ናቸው አባባ» አለ መዝገቡ ፈራ ተባ እያለ። «አናግሬያታለሁ። አውሬው ደጅ ላይ ስለሆነ ነድታ ማስገባት አልቻለችም።»

አቶ ቀጄላ ልጁን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን። ከዚያ እንደገና ልጁን።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

መዝገቡ ቢፍቱን አያት፤ ቢፍቱም አየችው። ጆይስቲኩን አነሳና ወደ ዋሻው ገባ። ሲደክመው ለሷ ሰጣት፤ ሲደክማት መለሰችለት። አቶ ቀጄላ «በግራ፣ በግራ በኩል» እያሉ ከዘራቸውን ያወዛውዛሉ፤ ሐጂም ሜትራቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። አውሬው ሲወድቅ ሴትዮዋ ወጣች፣ ከብቶቿን እየነዳች ወደ መንደሯ ገባች፣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ስም መውረድ ጀመረ። መዝገቡ እስከ መጨረሻው መስመር አየው።

አቶ ቀጄላ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«የኛዎቹም የሚታለቡበት ሰዓት ደርሷል» አሉ። «ኑ፣ ሁለታችሁም።»